የደሴን ብርድና የኮምቦልቻን ሙቀት በቁጥር መያዝ፦ ሂት ፓምፕ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ስሌት

«ክፍሉ ስንት ካሬ ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ወዲያው «12 ሺህ ቢቲዩ ይበቃዋል» (ቢቲዩ የማሽኑ የማቀዝቀዝና የማሞቅ አቅም መለኪያ ነው) የሚባልበት አመራረጥ አንዳንዴ ይሳካል፤ ሲሳካ ግን በአጋጣሚ ነው። ካሬ ሜትር ስለ ጣሪያው፣ መስኮቱ ስለሚያይበት አቅጣጫ፣ በበሩ ሥር ስለሚገባው ነፋስ ምንም አይናገርም። እኩል 20 ካሬ የሆኑ ሁለት ክፍሎች፣ አንዱ የኮንዶሚኒየም መሀል ፎቅ ላይ፣ ሌላው ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ቢሆኑ፣ የሚፈልጉት ሙቀት ከእጥፍ በላይ ይለያያል።

ስሌቱ ከአራቱ መደብ ሒሳብ አያልፍም። ሜትር፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ሂት ፓምፕ የምንለው ሲፈለግ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲፈለግ ደግሞ ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባውን ስፕሊት ኤሲ ነው። ገበያ ላይ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችሉም ስላሉ፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ የማሞቅ አቅሙን ለብቻ መጻፉን ይመልከቱ። ካልተጻፈ ለደሴ አይሆንም።

የውጭውንና የውስጡን ሙቀት መወሰን

ደሴ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የሐረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ እስኪገቡ ድረስ አየሩ በ4 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ስለዚህ ደሴ ላይ የማሽኑን መጠን የሚወስነው የሌሊቱ ብርድ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቀኑ ሙቀት። ለአንዱ ከተማ የተሠራ ስሌት ለሌላው አይሠራም።

ለደሴ የውጭውን 4 ዲግሪ፣ የውስጡን 20 ዲግሪ እንያዝ፤ ልዩነቱ 16 ነው። ለኮምቦልቻ የውጭውን 31፣ የውስጡን 25 እንያዝ፤ ልዩነቱ 6 ነው። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው። የራስዎ ግቢ ግን ሊለይ ይችላል፤ ሌሊት ብርድ አየር ከብዶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሚወርድ፣ ጉድጓዳማ ቦታ ያለ ቤት ከዳገቱ ቤት በሁለትና በሦስት ዲግሪ ሊብስበት ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቴርሞሜትሩን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ አርቀው፣ ጥላ ውስጥ ይስቀሉ፤ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ያንብቡ። ኮምቦልቻ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት። በዓመት አንዴ የሚመጣውን የከፋ ቁጥር ሳይሆን ደጋግሞ የሚታየውን ዝቅተኛ ወይም ከፍተኛ ቁጥር ይውሰዱ። ለአንዲት ሌሊት ተብሎ የተገዛ ትልቅ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ችግር ይሆናል።

መለካት

እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይለኩ። የሚፈለገው፦

- ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ ርዝመትና ቁመት፣ መስኮትና በሩ ተቀንሶ
- የእያንዳንዱ መስኮት ስፋትና የሚያይበት አቅጣጫ
- የበሩ ስፋትና የተሠራበት ነገር
- የኮርኒሱ ስፋት፣ ከላዩ ያለው ነገር
- ወደ ውጭ የሚያይ የወለል ጠርዝ ርዝመት
- የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ

አቅጣጫውን በስልክ ኮምፓስ ይያዙ። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከላሜራ በር አጠገብ ኮምፓስ ስለሚሳሳት ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብለው ይቁሙ።

ሙቀት የሚያሳልፈው ስንት ነው?

ሙቀት በግድግዳ የሚያልፍበትን ፍጥነት የሚነግረን ቁጥር በ1 ካሬ ሜትር፣ በ1 ዲግሪ ልዩነት ስንት ዋት እንደሚያልፍ ነው። በእኛ አካባቢ ለሚሠሩ ቤቶች የሚከተሉት ለስሌት ይበቃሉ፦

- ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት፣ በሁለቱም ወገን የተለሰነ፦ 2.4
- 50 ሳንቲ የድንጋይ ግድግዳ፦ 2.2
- 20 ሳንቲ የጭቃ ግድግዳ፦ 2.0
- አንድ መስታወት በብረት ፍሬም፦ 5.8
- የላሜራ በር፦ 5.8፤ ወፍራም የእንጨት በር፦ 3
- ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፦ 7
- ቺፑድ ኮርኒስ ከላዩ ቆርቆሮ፦ ሙቀት ወደ ላይ ሲወጣ 3፣ ወደ ታች ሲወርድ 2.5
- ያው ኮርኒስ፣ ላዩ ላይ 5 ሳንቲ ግላስ ውል (ሙቀት የሚከላከል የመስታወት ጥጥ) ተነጥፎበት፦ 0.6

የድንጋዩን ቁጥር ያየ ሰው ይገረም ይሆናል። የደሴ የቆዩ ወፍራም ግድግዳዎች ብርድ ይከላከላሉ ተብሎ ይታመናል፤ ነገር ግን ከብሎኬት እምብዛም አይሻሉም። የሚያደርጉት ማዘግየት ነው፦ የቀኑን ሙቀት ይዘው ማታ ይለቃሉ፣ የሌሊቱን ብርድ ይዘው ቀን ይለቃሉ። የማዳበሪያ ወይም የጨርቅ ኮርኒስ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ለእሱ 4 ይያዙ።

ለሲሚንቶ ወለል ስፋቱን አይያዙ። ከወለሉ ሥር ያለው አፈር ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ ሙቀት የሚያመልጠው በውጭው ጠርዝ ነው። ለእያንዳንዱ ሜትር ጠርዝ በ1 ዲግሪ 1.3 ዋት ይቁጠሩ።

በክፍተት የሚገባው አየር

እዚህ ላይ ከውጭ የመጡ መጻሕፍትና የስልክ መተግበሪያዎች ይሳሳቱብናል። የክፍሉን ይዘት፣ በሰዓት አየሩ የሚለወጥበትን ጊዜ፣ የሙቀቱን ልዩነትና 0.33 የሚባል ቁጥር አባዙ ይላሉ። ያ 0.33 የባሕር ጠለል አየር ነው። የደሴ አየር ከዚያ በሩብ፣ የኮምቦልቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ለደሴ 0.25፣ ለኮምቦልቻ 0.26 ይጠቀሙ።

የአየር ልውውጡ በሰዓት ስንት ነው? በሩና መስኮቱ በላስቲክ የታሸገ ከሆነ 0.75፣ እንደ ነገሩ የተገጠመ የብረት መስኮትና ከሥሩ ጣት የሚያስገባ በር ካለ 1.5፣ በኮርኒሱና በግድግዳው መሀል ክፍተት የሚታይ ከሆነ 2 እና ከዚያ በላይ።

አንድ ነገር በብርቱ እናስጠነቅቃለን። ከሰል የሚነድበትን ክፍል አያሽጉ። ቡና የሚፈላበት ሳሎን ከታሸገ በኋላ ምድጃው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል፤ ቀድሞ ሰዎቹን ያተርፍ የነበረው ያው አሁን የሚደፈነው ክፍተት ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ አንድ፦ ደሴ ያለ ሳሎን

5 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8፣ ማዕዘን ላይ ያለ፣ ሁለት ግድግዳው ወደ ውጭ የሚያይ። ሁለት መስኮት በድምሩ 3.6 ካሬ ሜትር፣ የላሜራ በር 1.9 ካሬ ሜትር። የውጭ ግድግዳው 9 በ2.8 ማለትም 25.2 ነው፤ መስኮትና በር ሲቀነስ 19.7 ይቀራል። ቺፑድ ኮርኒስ፣ ላዩ ቆርቆሮ።

- ግድግዳ፦ 19.7 × 2.4 × 16 = 756 ዋት
- መስኮት፦ 3.6 × 5.8 × 16 = 334
- በር፦ 1.9 × 5.8 × 16 = 176
- ኮርኒስ፦ 20 × 3 × 16 = 960
- የወለል ጠርዝ፦ 9 × 1.3 × 16 = 187
- አየር፦ 56 × 1.5 × 0.25 × 16 = 336

ድምሩ 2749 ዋት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ስሌቱ ግን አላለቀም። ሳሎኑ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ፣ ጓዳውና መኝታ ቤቱ ቀዝቃዛ ስለሆኑ በውስጥ ግድግዳም ሙቀት ያመልጣል። ለእነሱ የልዩነቱን ግማሽ ይያዙ፦ 25.2 × 2.2 × 8 = 443 ዋት። አሁን 3192 ዋት ሆነ፤ ወደ 3.2 ኪሎ ዋት። ቤቱ በሙሉ የሚሞቅ ከሆነ ይህ መስመር ዜሮ ነው።

ዝርዝሩን እንደገና ይመልከቱት። ከሁሉ የበለጠው ኮርኒሱ ነው፤ በቀላሉ የሚስተካከለውም እሱ ነው። 5 ሳንቲ ግላስ ውል ቢነጠፍበት 960 ወደ 192 ይወርዳል። በሩና መስኮቱ ቢታሸግ ደግሞ አየሩ 168 ይሆናል። ድምሩ 2256 ዋት። ማሽን ሳይገዛ ሲሶ የሚጠጋው ሸክም ወረደ ማለት ነው። ግላስ ውሉ እንዳይጨመቅ ይጠንቀቁ፤ ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ያለው አየር ስለሆነ 5 ሳንቲው ወደ 2 ከተጨፈለቀ ጥቅሙ ከግማሽ በላይ ይጠፋል። በቆርቆሮው የሚያፈስ ቀዳዳ ካለም መጀመሪያ ይደፈን፤ የረጠበ ግላስ ውል ዋጋ የለውም።

ሰዎችና መብራት የሚሰጡትን ሙቀት ከድምሩ ላይ አይቀንሱ። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ላይኖር ይችላል። ማታ ብቻ የሚበራ ከሆነም ለቀዘቀዘው ብሎኬት ተብሎ ማሽኑን ከማሳደግ ይልቅ አንድ ሰዓት ቀድሞ ማብራት ይሻላል።

ምሳሌ ሁለት፦ ኮምቦልቻ ያለ ቢሮ

የማቀዝቀዝ ስሌት በአንድ ነገር ይለያል፦ ፀሐይ ትንቀሳቀሳለች። ጣሪያው የሚግልበት ሰዓትና የምዕራብ መስኮት የሚግልበት ሰዓት አንድ አይደለም። ሁለቱን ከፍተኛ ቁጥሮች መደመር በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ በሁለት ሰዓት ለይቶ መሥራት ግድ ነው፤ ከቀኑ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት።

ያንኑ የ5 በ4 ክፍል እንውሰድ፤ ግማሹ መስኮት (1.8 ካሬ) ወደ ምዕራብ፣ ግማሹ ወደ ሰሜን። አራት ሠራተኛ፣ ሁለት ኮምፒውተር። መጋረጃው ከውስጥ ነው፤ የፀሐዩን 60 በመቶ ያሳልፋል እንበል።

የቆርቆሮውን ነገር በአየሩ ሙቀት አይለኩት። የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ 60 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከውስጡ 25 ጋር ልዩነቱ 35 ነው። በ10 ሰዓት ፀሐይዋ ስለምታዘቀዝቅ 45 ገደማ፣ ልዩነቱ 20። የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን ለሰዓታት ስለሚያዘገይ በሁለቱም ሰዓት 8 ዲግሪ ልዩነት ይያዙ። በመስታወት ለሚገባው ፀሐይ ደግሞ፣ በ1 ካሬ ሜትር በ10 ሰዓት ለምዕራብ 600 ዋት፣ ለሰሜን 200፤ በ7 ሰዓት ለሁለቱም 150።

ሰሜኑ ለምን ተቆጠረ? ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ አያገኘውም ይላል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ነን፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች። ኮምቦልቻ የምትግልበት ሰኔ ደግሞ እዚያው መሀል ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት፦

- ጣሪያ፦ 20 × 2.5 × 35 = 1750 ዋት
- ግድግዳ፦ 19.7 × 2.4 × 8 = 378
- መስታወትና በር በአየሩ ሙቀት፦ 125 እና 66
- ፀሐይ በመስኮት፦ ምዕራብ 162፣ ሰሜን 162
- ሰው፦ 4 × 130 = 520 (ከዚህ 220ው በላብና በትንፋሽ የሚወጣ እርጥበት ነው)
- ኮምፒውተርና መብራት፦ 240
- አየር፦ 56 × 1 × 0.26 × 6 = 87

ድምሩ 3490 ዋት። በ10 ሰዓት ጣሪያው ወደ 1000 ይወርዳል፤ የምዕራቡ መስኮት 648፣ የሰሜኑ 216 ይሆናል፤ ድምሩ 3280 ነው። ስለዚህ ለዚህ ክፍል ወሳኙ 7 ሰዓት ነው። ሁለቱን ከፍተኛ ቁጥሮች የደመረ ሰው ግን 4030 ያገኝና የክፍሉን ፍላጎት ያለምክንያት ያሳድገዋል።

ኮርኒሱ ላይ ግላስ ውል ቢነጠፍ ጣሪያው በ7 ሰዓት 420፣ በ10 ሰዓት 240 ብቻ ይሆናል። ድምሩ በ7 ሰዓት 2160፣ በ10 ሰዓት 2520። አሁን ወሳኙ ሰዓት ዞረ፤ ችግሩ የምዕራቡ መስኮት ሆነ። መስኮቱ ላይ ከውጭ በኩል ጥላ ቢሠራለት 648ቱ ወደ 270 ይወርዳል። ጥላ ከውጭ ሲሆን ፀሐዩን መስታወቱን ሳያልፍ ይመልሰዋል፤ የውስጥ መጋረጃ ግን ራሱ ግሎ ሙቀቱን ክፍሉ ውስጥ ይተወዋል። ያኔ የ10 ሰዓቱ ድምር 2142 ይሆናል፤ የክፍሉ ከፍተኛ ቁጥር ከ2200 አያልፍም።

ከስሌቱ ወደ ማሽኑ

1000 ቢቲዩ በሰዓት 293 ዋት ነው። ስለዚህ 9 ሺህ ቢቲዩ 2.64፣ 12 ሺህ 3.52፣ 18 ሺህ 5.28 ኪሎ ዋት ነው። ይህ ግን የሰሌዳው አቅም ነው፤ የተለካውም በባሕር ጠለል አየር፣ ለማቀዝቀዝ ውጭው 35 ዲግሪ፣ ለማሞቅ 7 ዲግሪ ሆኖ ነው። ማራገቢያው በእኛ ከፍታም የሚያሽከረክረው የአየር መጠን ያው ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። ፋብሪካው የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ካለው እሱን ይጠቀሙ። ከሌለው ለኮምቦልቻ የሰሌዳውን አቅም በ0.92፣ ለደሴ በ0.88 ማባዛት ደኅና ጥንቃቄ ነው። ደሴ ላይ ሌላም ቅነሳ አለ። ውጭው ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ የውጭው ክፍል ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ማሽኑ እሱን ለማቅለጥ በየጊዜው ማሞቁን ያቆማል። ለዚህ በ0.9 ያባዙ።

ደሴ፦ 0.88 × 0.9 = 0.79። ሳይታሸግ 3192 ለ0.79 ሲካፈል ወደ 4.0 ኪሎ ዋት የማሞቅ አቅም ይፈለጋል። ግላስ ውል ከተነጠፈና ከታሸገ በኋላ 2.9 ገደማ ይበቃል። ኮምቦልቻ፦ 12 ሺህ ቢቲዩ በ0.92 ሲባዛ 3.24 ስለሚሆን ለመጀመሪያው 3490 አይበቃም፤ 9 ሺሁ ግን 2.43 ሰጥቶ ለተሻሻለው ክፍል በደንብ ይበቃል። የማሽኑ ዋጋ ልዩነት የግላስ ውሉን ወጪ ከፊሉን ይሸፍናል፤ የመብራት ክፍያው ልዩነት ደግሞ በየወሩ ነው።

«ለማንኛውም ከፍ ያለውን ልግዛ» ማለት ጉዳት አለው። ኢንቨርተር (የማሽኑን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) የሌለው ትልቅ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው ይነሣል፤ በክረምቱ እርጥበት ጊዜ አየሩን ሳያደርቅ ስለሚያቆም ክፍሉ ቀዝቅዞም ይታፈናል። በተነሣ ቁጥር የሚስበው ከፍተኛ ኮረንቲ የቤቱን መብራት ያደበዝዛል፣ ኮምፕረሰሩንም ያደክማል። ኢንቨርተር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ዝቅ ብሎ የሚሠራበት ወሰን ስላለው ሰሌዳው ላይ ዝቅተኛውን አቅም ይመልከቱ።

ብዙ የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደኅንነታቸው የሚመዘነው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ለሚገጠሙበት ቦታ ነው። ደሴ ከዚያ በላይ ስለሆነች ማሽኑ ለ2500 ሜትር መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ። እስከ 12 ሺህ ቢቲዩ ላለው ማሽን ለብቻው የተዘረጋ 2.5 ካሬ ሚሊ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል።

ስሌቱን በማሞቂያ መፈተን

ቁጥሩን ማመን ለከበደው አንድ እርግጠኛ ፈተና አለ። ሰው የማይተኛበት ክፍል ውስጥ ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ ባለ 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያብሩ፤ በሩና መስኮቱ ይዘጋ፤ ማሞቂያው ራሱን የሚያጠፋበት ቁልፍ መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያው ሰዓት ላይ ሶኬቱንና መሰኪያውን በእጅ ይዳስሱ፤ ከጋለ ፈተናውን ያቁሙ። ቤት ውስጥ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የውስጡንና የውጭውን ሙቀት ያንብቡ። 2000ውን ለልዩነቱ ቢያካፍሉ ክፍሉ በ1 ዲግሪ ስንት ዋት እንደሚያጣ ያገኛሉ። የምሳሌው የደሴ ሳሎን 3192 ለ16፣ ማለትም 200 ዋት በዲግሪ ስለሆነ፣ ፈተናው 10 ዲግሪ ልዩነት ሊያሳይ ይገባል። 7 ብቻ ካሳየ ያልተቆጠረ ክፍተት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም በኮርኒሱ ዙሪያ ነው። ሻማ አብርተው ነበልባሉ የሚያዘነብልበትን ቦታ ይከተሉ።

ማሞቂያው 2000 ዋት ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ 2000 አይሰጥም። ማታ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ የሚሰጠው 1500 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሌላው ዕቃ ሁሉ ጠፍቶ፣ መጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓታት የቆጣሪውን ንባብ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይመዝግቡ፤ ልዩነቱን ለሦስት አካፍለው ያገኙትን ኪሎ ዋት በ1000 አባዝተው ወደ ዋት ይለውጡና በ2000ው ቦታ ያስገቡ።